ዝናብ ቢመጣ ምን ይቀራል? የዌልስን ገጠር ለመጎብኘት የንጽጽር መመሪያ

የዌልስን ገጠር ለማየት የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ነው። የታወቁትን ቦታዎች ስም ይጽፍና በካርታው ላይ ተቀራርበው ስለሚያያቸው በሁለት ቀን ሁሉንም አዳርሳለሁ ብሎ ያስባል። አገሩ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ መንገዱ ግን ትንሽ አይደለም። ከካርዲፍ ተነሥቶ በሰሜን ጠረፍ እስካለችው ላንዲድኖ የሚዘልቀው ኤ470 የተባለው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ተራራ ለተራራ እየተጠማዘዘና ከትራክተር ኋላ እያዘገመ ስለሚሄድ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ደግሞ በመንደሮችና በከተሞች ውስጥ የተፈቀደው ፍጥነት በአብዛኛው በሰዓት 20 ማይል ነው። ባቡሩም ቢሆን አቋራጭ የለውም፤ ከካርዲፍ ወደ ሰሜን ዌልስ የሚሄደው ባቡር እንግሊዝ ገብቶ በሽሩዝበሪ በኩል ይዞራል።

ስለዚህ ለአንድ ቀን መምረጥ የሚገባው አንድ አካባቢ ብቻ ነው፤ አካባቢውን ለመምረጥ ደግሞ ከዝና ይልቅ ሁለት ጥያቄዎች ይጠቅማሉ። አንደኛው የምትነሡት ከየት ነው የሚለው ነው። ከካርዲፍ ወይም ከብሪስቶል ለሚነሣ ሰው የደቡቡ ተራራማ አገር የአንድ ወይም የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፤ ከበርሚንግሃም መካከለኛው ዌልስ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፤ ለማንቸስተርና ለሊቨርፑል ሰዎች ሰሜኑ ይቀርባል፤ ከለንደን ለሚመጣ ግን ከደቡቡ በቀር ሌላው ሁሉ ማደርን ይጠይቃል። ሁለተኛውና ለእኔ ዋነኛው ጥያቄ ዝናብ ቢመጣ ከቀኑ ምን ይቀራል የሚለው ነው። በዌልስ ተራሮች ዝናብ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም እክል አይደለም፤ በስኖዶን አናት ላይ በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ ካፊያው፣ ዶፉና ጉሙም በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊፈራረቁ ይችላሉ። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር የቆመው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው፤ ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በአውሮፓውያን፣ የቀኑ ሰዓቶች ግን በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ሰሜን፤ ተራራው ወይስ ጠባቡ ሐዲድ

ስኖዶን፣ በአገሬው አጠራር ኧር ዊዝቫ፣ ከፍታው 1,085 ሜትር የሆነ የዌልስ ትልቁ ተራራ ነው። የብሔራዊ ፓርኩ አስተዳደር ከ2022 ጀምሮ የዌልስኛውን ስም ስለሚጠቀም፣ ፓርኩንም ኤሪሪ ብሎ ስለሚጠራ፣ በምልክቶች ላይ የምታገኙት እነዚህን ስሞች ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ያደገ ሰው 1,085 የሚለውን ቁጥር ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ እኔም ፈገግ ብያለሁ። ነገር ግን ከላንበሪስ የሚነሣ ሰው መንገዱን የሚጀምረው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ካላለ ቦታ ስለሆነ ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ዳገት በእግሩ ይወጣል፤ ደርሶ መልሱም ከ14 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከስድስቱ ዋና ዋና መንገዶች ይህ ረጅሙ ሲሆን አቀበቱ ግን ከሁሉም ለዘብ ያለ ነው። ፔን ኢ ፓስ ከተባለው በር የሚነሡት ሁለቱ መንገዶች አጠር ያሉና እይታቸው የሚያምር ናቸው፤ ወደ መጨረሻው ግን ድንጋዩ ይበዛል፣ ዳገቱም ቀጥ ይላል፤ የመኪና ማቆሚያውም አስቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም።

በእግሩ ለማይወጣ ሰው ከ1896 ጀምሮ ከላንበሪስ ወደ አናቱ የሚሄድ፣ ጥርስ ባለው ሐዲድ ላይ የሚወጣ ባቡር አለ። አናት ላይ የሚሰጠውን ግማሽ ሰዓት ጨምሮ ጉዞው ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ አባትና እናት ከሁለት ልጆች ጋር ቢሄዱ ከመቶ ፓውንድ በላይ ያወጣሉ፤ ነፋስ ሲበረታ ደግሞ ባቡሩ አናቱ ሳይደርስ ይመለሳል። ከዘመዶቼ ጋር በወጣሁበት የኦገስት ቀን ታች ፀሐይ ነበር፤ ላይ ስንደርስ ግን ጉሙ ከመክበዱ የተነሣ ከቆምንበት ድንጋይ በቀር ያየነው ነገር አልነበረም። እናቴ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ «ለደመናስ እንጦጦ ምን ጎደለው?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ስኖዶን በጠራ ቀን ወደር የለውም፤ በጉም ቀን ግን ከገንዘባችሁም ከቀናችሁም የሚተርፍ ነገር የለም።

በዚህ ምክንያት ሰሜኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ቤተሰብ የምመርጠው የተራራውን ባቡር ሳይሆን የፌስቲኒዮግን ባቡር ነው። ከፖርትማዶግ ወደብ እስከ ብላይናይ ፌስቲኒዮግ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄደው ይህ ሐዲድ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። በ1836 ሲከፈት ሞተር የሚባል ነገር አልነበረውም። ለጣሪያ ክዳን የሚሆነውን ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ የጫኑት ፉርጎዎች በቁልቁለቱ ራሳቸው እየተንደረደሩ ወደ ወደቡ ይወርዱ ነበር፤ ባዶዎቹን ወደ ላይ የሚጎትቱት ፈረሶች ደግሞ ሲመለሱ ለእነሱ በተሠራ ፉርጎ ላይ ቆመው እንደ ተሳፋሪ ይጓዙ ነበር። በእንፋሎት መሄድ የጀመረው በ1863 ነው። ዛሬም ከሚጎትቱት መካከል በሁለቱም ጫፍ ጭስ ማውጫ ያላቸው፣ ፊትና ኋላቸው የማይለይ ሎኮሞቲቮች አሉ፤ ልጆች ከተራራው ይልቅ እነዚህን ያስታውሳሉ። ዝናብ ቢዘንብ ደኑ ይበልጥ ይለመልማል፣ ፉርጎው ውስጥ ደግሞ ሻይ አለ። መድረሻው ብላይናይ በድንጋይ ስብርባሪ ኮረብታዎች የተከበበች ከተማ ናት፤ ይህ የሰሜን ምዕራብ ዌልስ የድንጋይ ካባ ምድር በ2021 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዚያው ሌኽዌዝ በተባለው ቦታ ወደ ጥንቱ ዋሻ ወርዶ ድንጋዩ በሻማ ብርሃን እንዴት ይፈለጥ እንደነበር መስማት ይቻላል።

ወጣቶች ብቻ ከሆናችሁ ሌላ ምርጫ አለ፤ ፔንሪን በተባለው ካባ ላይ በተዘረጋ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የብረት ገመድ በሆድ ተንጠልጥሎ በሰዓት ከ100 ማይል በላይ መብረር። የክብደትና የዕድሜ ገደብ አለው፤ ነፋስም ያስቆመዋል።

ከሰሜን ምሥራቅ ለሚገቡና በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ለያዙ ደግሞ የፖንትከሰልቴ የውሃ ድልድይ አለ። ቶማስ ቴልፎርድ የሠራው ይህ ድልድይ በ1805 ተከፈተ፤ ከወንዙ 38 ሜትር ከፍታ ላይ ጀልባዎችን በብረት ገንዳ ውስጥ ያሳልፋል። በእግር መሻገሩ በነጻ ነው፤ በጀልባ የሚሻገር ግን ከአንዱ ወገን አጥር ስለሌለ ቁልቁል ሲያይ ልቡ ይርዳል።

ደቡብ፤ ከመሬት በታች

በደቡብ በኩል ዝነኛው ፔን ኢ ቫን ነው። 886 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ተራራ ባናይ ብረኸይንዮግ በተባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይገኛል፤ የቀድሞ ስሙን ብሬከን ቢከንስ የምታውቁት ነው። ከስኖዶን ያጠረና መንገዱም የተነጠፈ ስለሆነ ልጆች ይወጡታል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ማለዳ ያልደረሰ ሰው መኪና ማቆሚያ አያገኝም፤ አናቱም ጉም ሲለብስ የስኖዶን ታናሽ ወንድም ይሆናል። ስለዚህ ደቡብን የምመርጥበት ምክንያት ተራራው ሳይሆን ከመሬት በታች ያለው ነው።

በብላይናቮን ከተማ የሚገኘው ቢግ ፒት እስከ 1980 ድረስ የድንጋይ ከሰል ይወጣበት የነበረ ጉድጓድ ሲሆን በ1983 ለጎብኚ ተከፈተ፤ አካባቢውም በ2000 የዓለም ቅርስ ሆነ። መግቢያው በነጻ ነው፤ ለመኪና ማቆሚያና ከመሬት በታች ለሚደረገው ጉብኝት ግን ይከፈላል። ከመውረዳችሁ በፊት ስልክ፣ በባትሪ የሚሠራ የእጅ ሰዓት፣ የመኪና ቁልፍ ሳይቀር ታስረክባላችሁ፤ ምክንያቱም ጉድጓዱ ዛሬም በማዕድን ሥራ ሕግ የሚተዳደር ስለሆነና ጋዝ ካለ ትንሽ ብልጭታ ስለሚበቃ ነው። የራስ ቁር ከነመብራቱ፣ ወገብ ላይ ደግሞ ከባድ የባትሪ ቀበቶ ይታሰርላችሁና የማዕድን ሠራተኞቹ ይወርዱበት በነበረው ማውረጃ 90 ሜትር ትወርዳላችሁ። የሚመሩት ሰዎች ማዕድን ውስጥ የሠሩ ናቸው። ከመሬት በታች የፈረሶች ጋጣ እስካሁን አለ። አንድ ቦታ ላይ መሪው ሁሉም መብራቱን እንዲያጠፋ ያዝዛል፤ እጃችሁን ዓይናችሁ ፊት ብታወዛውዙ አታዩትም። በ1842 የወጣው ሕግ ሴቶችንና ከአሥር ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆችን ከመሬት በታች እንዳይሠሩ እስኪከለክል ድረስ ሕፃናት የአየር በር እየከፈቱና እየዘጉ በዚህ ዓይነት ጨለማ ውስጥ ይውሉ እንደነበር የሚነገረው በዚያች ደቂቃ ነው። አብሮን የነበረ የስድስት ዓመት ልጅ ከዚያ በኋላ እስክንወጣ ድረስ የአባቱን እጅ አለቀቀም። ቁመታቸው አንድ ሜትር ያልሞላ ልጆች አይወርዱም፤ ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰውም ላይ ባሉት ኤግዚቢሽኖች ቢወሰን ይሻለዋል። ዶፍ ቢወርድም ቀኑ አይጎዳም።

ትንንሽ ልጆች ላሉት ደግሞ ዳን ኧር ኦጎቭ የተባሉት ዋሻዎች አሉ። በ1912 ሁለት ወንድማማቾች ያገኟቸው እነዚህ ዋሻዎች ተፈጥሮ የሠራቸው ናቸው፤ ደጃፋቸው ላይ በቁማቸው ልክ የተሠሩ የዳይኖሰር ምስሎች ተደርድረዋል። ዋጋቸው ከቢግ ፒት ጋር አይወዳደርም፤ በብርዱ ወራትም ይዘጋሉ። አሥር ዓመት ላለፈው ልጅ ቢግ ፒት፣ ከዚያ በታች ላለው ዋሻው ይሻላል። እግሩ ጠንካራ ለሆነና መራስ ለማይፈራ ደግሞ ስጉድ ኧር ኤይራ አለ፤ ስሙ የበረዶ ፏፏቴ ማለት ሲሆን መንገዱ በወራጁ ውሃ ጀርባ ያልፋል። ከዝናብ በኋላ ውበቱ ይጨምራል፤ ድንጋዩም ያንሸራትታል፤ በከተማ ጫማ አትሂዱበት።

መካከለኛው ዌልስ፤ ዝና የሌለው ምርጫ

ብዙ ጎብኚ ይህን አገር ወደ ሰሜን ወይም ወደ ባሕሩ ሲያልፍ በመኪና መስኮት ነው የሚያየው። እኔ ግን አንድ ቀን ብቻ ያለውን፣ በተለይም ሕፃንና አዛውንት በአንድ መኪና የጫነውን ሰው የምልከው ወደዚሁ ነው።

በራያደር ከተማ አጠገብ ያለው የኤላን ሸለቆ የበርሚንግሃም ከተማ ከ1893 እስከ 1904 ያስገነባቻቸው የድንጋይ ግድቦች የሚገኙበት ነው፤ ትልቁ ክላየርወን በ1952 ተጨመረ። ግድብ ሲባል ጆሯችን የሚነቃ ሕዝቦች ስለሆንን አሠራሩን ልዘርዝረው። ውሃው ያለ አንዳች ፓምፕ፣ በመሬቱ ተዳፋት ብቻ፣ 118 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በርሚንግሃም ይደርሳል፤ ጉዞውም አንድ ቀን ተኩል ያህል ይፈጃል። በርሚንግሃም የሚኖር ሐበሻ ለቡናው የሚጥደው ውሃ ይኸው ነው። ለንደን ውስጥ በማንቆርቆሪያ ግድግዳ ላይ የሚጋገረው ነጭ የኖራ ቅርፊት እዚያ እምብዛም የማይታየውም የኤላን ውሃ ለስላሳ ስለሆነ ነው። የውሃው ዋጋ ግን በሸለቆው ተከፍሏል፤ 100 ያህል ሰዎች ከቤታቸው ተነሥተዋል፣ ካሳ ያገኙት ባለ መሬቶቹ ብቻ ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያኑና ትምህርት ቤቱም ከውሃው በታች ቀርተዋል።

ለጎብኚ የሚጠቅመው መንገዱ ከግድብ ወደ ግድብ በሐይቆቹ ዳር ስለሚያልፍ ከመኪና መውረድ የማይችል ሰው እንኳ ሁሉንም ማየቱ ነው። የሚከፈለው የመኪና ማቆሚያ ብቻ ነው። ዝናብን በተመለከተ ኤላን ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል፤ ሐይቆቹ ሞልተው ውሃው በግድቦቹ አናት ላይ እንደ ነጭ መጋረጃ የሚወርደው ከብዙ ዝናብ በኋላ ነውና። እዚህ በደረቅ ወራት የመጣ ሰው ነው የሚከስረው።

ከኤላን ጋር በአንድ ቀን የሚጣመረው በራያደር ዳር ያለው የጊግሪን እርሻ ነው። ቀይ ጭልፊት ከብሪታንያ ጨርሶ ሊጠፋ ደርሶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በዚህ አካባቢ ጥቂት ጥንዶች ብቻ ቀርተው ነበር፤ ዛሬ በመቶዎች የሚቆጠሩት በእርሻው ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ። ምግቡ የሚሰጠው በብርዱ ወራት በ8 ሰዓት፣ በበጋ በ9 ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው፤ ልዩነቱ የመጣው ሰው የግድግዳ ሰዓቱን ስለሚያዛውር እንጂ ለጭልፊቶቹ ሰዓቱ ያው ነው። ትራክተሩ የበሬ ሥጋውን በትኖ ሲሄድ መጀመሪያ ቁራዎቹ ይወርዳሉ። ጭልፊቶቹ ግን መሬት አይነኩም፤ ተወርውረው በጥፍራቸው ይነጥቁና እዚያው አየር ላይ እግራቸውን ወደ አፋቸው አጥፈው ይበላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ከእጁ ላይ ሥጋ የተነጠቀ ሰው ዘመዳቸውን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ እዚህ ለመነጠቅ ተብሎ ቲኬት መቆረጡ ነው። መመልከቻዎቹ ጣሪያ ስላላቸው ካፊያ አያስመልስም። ገንዘብ ለመቆጠብ የሚፈልግ ሰው ከአበሪስትዊዝ በስተ ምሥራቅ ባለው ቡልኽ ናንት ኧር አሪያን በሐይቁ ዳር ያንኑ ትርኢት በማቆሚያ ክፍያ ብቻ ያያል፤ ወፎቹ ግን ራቅ ይላሉ። ፎቶ ለሚያነሣ ጊግሪን፣ ለሚናፈስ ሁለተኛው ይሻላል።

መኪና የሌለው ሰው ከበርሚንግሃም በቀጥታ ባቡር በሦስት ሰዓት ገደማ አበሪስትዊዝ ይደርስና ከ1902 ጀምሮ በሚሠራው የሬይዶል የእንፋሎት ባቡር በአንድ ሰዓት 19 ኪሎ ሜትር ወጥቶ የሰይጣን ድልድይ ወደተባለው ቦታ መሄድ ይችላል። እዚያ ሦስት ድልድዮች አንዱ በሌላው ላይ ተሠርተዋል፤ የታችኛው የመካከለኛው ዘመን፣ የመካከሉ የ1753፣ የላይኛው የ1901 ነው። ተረቱ እንደሚለው ላሟ ወንዝ ማዶ የቀረችባት አሮጊት፣ ሰይጣን መጀመሪያ የሚሻገረውን ነፍስ ያለው ነገር ለእኔ ስጪኝ ብሎ ድልድዩን ቢሠራላት፣ ዳቦ ወርውራ ውሻዋን አሻገረችና ሰይጣኑን አሳፈረችው።

ምዕራብ፤ ባሕሩና ደሴቱ

ፔምብሮክሺር ከፍ ያለ ደስታም ከፍ ያለ ስጋትም ያለበት ምርጫ ነው። ደስታው ስኮመር ደሴት ነው። ከኤፕሪል እስከ ጁላይ መገባደጃ ከ40,000 በላይ ፓፊኖች፣ እነዚያ ባለ ቀለም መንቁር ወፎች፣ በደሴቲቱ ላይ ይራባሉ፤ ጎጇቸው በመሬት ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ስለሆነ ዓሣ በአፋቸው ደርድረው በእግራችሁ መካከል እየሮጡ ይገባሉ። ከመንገዱ አንድ ርምጃ መውጣት ጉድጓዱን ከነጫጩቱ መደርመስ ሊሆን ይችላል። በቀን የሚገቡት ጎብኚዎች 250 ያህል ብቻ ናቸው፤ ቲኬቱ ከብዙ ሳምንታት በፊት ያልቃል፤ ደሴቱ ላይ የሚሸጥ ምግብ የለም። ስጋቱ ደግሞ ነፋሱ ነው፤ ከሰሜን ሲነፍስ ጀልባው ስለማይጠጋ ጉዞው ይሰረዛል። ስለዚህ ሁለት ሌሊት የሚያድር ካልሆነ በቀር ለስኮመር ብቻ ብሎ ከለንደን መምጣት አልመክርም። በኦገስት የሚመጣም ፓፊን አያይም።

ጀልባው ቢቀር ሁለት መጠጊያዎች አሉ። አንዱ የብሪታንያ ትንሿ ከተማ የምትባለው ሴንት ዴቪድስ ናት፤ ካቴድራሏ ረግረጋማ ጎድጓዳ ስፍራ ላይ ስለተሠራ አጠገቡ እስክትደርሱ አይታይም። በመካከለኛው ዘመን ሁለት ጊዜ እዚህ መሳለም አንድ ጊዜ ሮም እንደ መሄድ ይቆጠር ነበር ይባላል፤ ኢየሩሳሌም መሄድ ለማይችል ሰው ላሊበላ የሚለውን ለሰማ አንባቢ ይህ አዲስ ሐሳብ አይሆንበትም። ሌላው በደቡብ ጠረፍ በገደል ስንጥቅ ውስጥ የተሸጎጠው የቅዱስ ጎቫን ጸሎት ቤት ነው። መጠኑ አነስተኛ ነው፤ ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ሰው በመጠኑ አይደነቅም፤ ከበሩ ሥር የሚጋጨው ማዕበል ግን ሌላ ነገር ነው። ደረጃዎቹ ሲወርዱና ሲወጡ ሲቆጠሩ አንድ ዓይነት ቁጥር አይሰጡም ይላል አገሬው፤ እኔ ሁለቴ ቆጥሬ ሁለቴም ተሳስቻለሁ። መሬቱ የጦር ልምምድ ስለሚካሄድበት ተኩስ ባለበት ቀን ይዘጋል፤ ሳይጠይቁ አይሄዱም።

ለልጆች ብቻ ብሎ ወደ ምዕራብ የሚመጣ ሰው ፎሊ ፋርም ይበቃዋል፤ አንበሳና ቀጭኔ አለው፣ በጣሪያ ሥር ያለ የጥንት መጫወቻም ስላለው ዝናብ አያስፈራውም። ኦክዉድ የተባለው የመዝናኛ ፓርክ ዳግም እንደማይከፈት በ2025 ስለተነገረ በቆዩ ዝርዝሮች ላይ ብታገኙት እለፉት።

ስለ ግንቦቹ አንድ ቃል

ዌልስ በግንብ የተሞላች ስለሆነች ሁሉንም ማወዳደር አይቻልም፤ ሁለት ብቻ ላነጻጽር። ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ከ1283 ጀምሮ ያሠራው የኮንዊ ግንብ ከጎንደር ግንቦች በ350 ዓመት ገደማ ይቀድማል፤ ከከተማው ቅጥር ጋር ሙሉ ነው፤ ባቡር ደጃፉ ድረስ ይሄዳል። በደቡብ ምዕራብ፣ በላንዴሎ አቅራቢያ ያለው ካሬግ ኬነን ግን በገደል አናት ላይ የቆመ ፍርስራሽ ነው፤ ዙሪያው ሜዳና በግ ነው፤ ከሥሩ በባትሪ ብርሃን የሚገባበት ዋሻ አለው። በ1960ዎቹ አንድ ገበሬ እርሻውን ሲገዛ ግንቡም በስሕተት በውሉ ውስጥ ገብቶ የእሱ ሆነ። ታሪክ ለሚፈልግ ኮንዊ፣ ገጠር ለሚፈልግ ካሬግ ኬነን።

ከመነሣታችሁ በፊት

የመኪናው አቅጣጫ ጠቋሚ ላይ የቦታውን ስም ሳይሆን የፖስታ ኮዱን አስገቡ። ላንቫየር ማለት የማርያም ደብር ማለት ስለሆነ እንደ እኛው አገር በየአካባቢው አንድ አለ፤ እኔም አንድ ጊዜ ከምፈልገው በ60 ኪሎ ሜትር የራቀ ላንቫየር ደርሼ፣ አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፍ መንገድ ላይ ለትራክተር እያስለቀቅሁ ወደ ኋላ ነድቻለሁ። አስፋልት ላይ የተጻፈው «አራቭ» ቀስ በሉ ማለት ነው። ስልክ በየሸለቆው ስለሚጠፋ ካርታውን አስቀድማችሁ አውርዱ።

ምግብን በተመለከተ የመንደር ሻይ ቤቶች ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ መዝጋት ይጀምራሉ፤ ከተራራ ሲወርዱ ትኩስ ነገር አገኛለሁ ብሎ የተማመነ ሰው በተዘጋ በር ፊት ይቆማል። የዌልስ ኬክ የሚሉት ዘቢብ ያለበት ቂጣ በብረት ምጣድ ላይ ስለሚጋገር ለዓይናችን እንግዳ አይደለም፤ ቅቤና ዕንቁላል ግን አለበት። ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ሰው፣ እንዲሁም ወደ ስኮመር ወይም ወደ ኤላን የሚሄድ ማንም፣ ስንቁን ከቤቱ ቋጥሮ ይነሣ።